ሳጥኑ እንደተቆለፈ

መጋረጃውን ዘግቻለሁ፣ ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ፣ እንቅልፍ ግን ወይ ፍንክች። ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብና ስተኩስ አድሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ እግሬ ከብዷል፣ ዓይኔ ይቆጠቁጠኛል፣ ጆሮዬ ብቻ አልተኛም አለ። ዛሬ ዕጣው ይወጣል። ምናልባት ወጥቷል። ምናልባት አሁን፣ እኔ ሌዝብሪጅ ከተማ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በጠራራ ፀሐይ ተጋድሜ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ፣ እዚያ ባደግኩበት የገበሬዎች ማኅበር ግቢ ውስጥ አጎቴ ዛካሪያስ፣ ሰባኪው፣ ጥቁር ባርኔጣቸውን አውልቀው ዕጣውን አንስተዋል፤ ግማሹ ሰው ወደ አዲሱ መሬት ሊሄድ መኪና ላይ እየወጣ ነው፣ ግማሹ የጠቀለለውን ዕቃ መልሶ እየፈታ ነው፣ እናቴም ከሁለቱ በአንዱ ወገን ሆናለች። ሊኔት ዕጣው እንደወጣ እደውልልሻለሁ ብላለች። ሊኔት ብዙ ነገር ትላለች። እጄ ሳላዘው ወደ አንገቴ ይሄዳል፤ ክሩ የለም። ቁልፉን ሰጥቻታለሁ። ዘጠኝ ዓመት ካንገቴ ያልወረደውን ቁልፍ በገዛ እጄ አውልቄ፣ ለማን እንደምትሠራ በቅጡ ለማላውቃት ሴት ሰጥቻታለሁ። ወይ ሞኝ ነኝ ወይ ክፉ ነኝ። የትኛው እንደሆንኩ እስካውቅ ድረስ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

እኛ ዘንድ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። የቤት በር አይቆለፍም፣ የሚገባም ሰው አያንኳኳም፤ የአጎቴ የዛካሪያስ ሚስት አክስት ባርባራ አንቺ ፀጉርሽን እያበጠርሽ ሳለ ሰተት ብላ ትገባና አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ጎመኑ ታወራለች። መሬቱ የሁላችን ነው፣ ኮምባይነሩ የሁላችን ነው፣ ዝዮቹ የሁላችን ናቸው፤ የሁላችን ማለት ደግሞ የማንም አይደለም ማለት ነው። የለበስሽው ቀሚስ እንኳ የማኅበሩን ገንዘብ የሚይዘው መጋቢ ከገዛው ከአንድ ጥቅል ጨርቅ ለሁሉም እኩል የተቆረጠ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላሽ ግን ከልጆቹ ማዕድ ተነስተሽ ወደ ትልልቆቹ ማዕድ ትሻገሪያለሽ፤ የሊጥ መዳመጫ፣ ቢላዋ፣ የቀለም ብሩሽና መኮትኮቻ ይሰጥሻል፣ አናጺውም ሳጥን ይሠራልሻል፣ ከነቁልፉ። ያ ሳጥን ያንቺ ነው። በዚህ ሁሉ እርሻና በዚህ ሁሉ ሰው መሐል ያንቺ የሆነው እሱ ብቻ ነው። እናትሽ አትከፍተውም፣ ሰባኪውም አያዝዙበትም። የሰው ሳጥን ሰብሮ መክፈት እኛ ዘንድ ሰው ገላውን በሚታጠብበት ገብቶ እንደ ማፍጠጥ ነው። እኔ ስወጣ ሳጥኔ እናቴ ቤት፣ አልጋዋ ግርጌ፣ እንደተቆለፈ ቀረ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበርና አብሮኝ መጣ።

ሆን ብዬ ይዤው አልመጣሁም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሐሙስ ሐሙስ ከተማ አትክልት እናወርዳለን፤ አንድ ሐሙስ ድንቹን አውርጄ ስጨርስ ወደ መኪናው አልተመለስኩም፣ በቃ ይኸው ነው። ማንም አልመታኝም፣ ከማንም አልተጣላሁም፣ የሚጠብቀኝ ፍቅረኛም አልነበረም። ሊኔት ይህን ስነግራት ፊቷ ላይ ቅር የመሰኘት ነገር አየሁ፤ ጠንከር ያለ ምክንያት አምጪ የምትለኝ ይመስለኝ ነበር። ምን ልበላት? ለብቻ መሆን ምን ምን እንደሚል መቅመስ ፈለግኩ። አሁን አውቄዋለሁ። ለብቻ መሆን ማለት ቁልፍ ማለት ነው። የታችኛው በር ቁልፍ፣ የክፍሉ ቁልፍ፣ የፖስታ ሳጥን ቁልፍ፣ የሥራ ቦታ ቁም ሣጥን ቁልፍ፤ ስሄድ እንደ እስር ቤት ጠባቂ እንሿሿለሁ። ዓለም እንዲህ ነው። ስልክ ስትደውዪ ማሽን ያነሳና አንድን ተጫኚ ሁለትን ተጫኚ ይልሻል፣ የፈለግሽው ነገር ግን ከቁጥሮቹ አንዱም አይደለም። ገበያ አዳራሽ ውስጥ የቅቤው ብዛት ፊት ለፊት ቆሜ አልቅሼ አውቃለሁ፣ ቅቤ ቅቤ ነው ብዬ ያደግኩ ሰው። ከማኅበሩ እስከዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ድንበር አላለፍኩም፣ ፓስፖርት ያየብኝ የለም፤ ስደት ግን ስደት ነው። የመጀመሪያውን ክረምት በሙሉ እዚሁ የገዛሁትን ሻንጣዬን አልፈታሁም። አሁንም ቢሆን ከሥሩ ያለውን አልፈታሁትም።

እናቴ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ስልኩ ያለው ከወጥ ቤቱ ወደ ማዕድ አዳራሹ በሚወስደው መተላለፊያ ላይ ነው፤ የሚያልፍ ሁሉ ይሰማል፣ ማለፍ የሌለበትም ሊሰማ ያልፋል። ብቻዋን ስትሆን ዩስል ትለኛለች፣ በቤት ስሜ። አጠገቧ ሰው ከቆመ ዩስቲና ትለኛለች። ተነጋግረንበት አናውቅም፣ ግን እኔም አውቃለሁ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። ስለ ዝይ ላባው ትነግረኛለች፣ ስለ ጉልበቷ ትነግረኛለች፣ ማን እንደተጠመቀ ማን እንዳገባ ትነግረኛለች፣ እኔ ግን ከድምፅዋ ጀርባ የማን ትንፋሽ እንዳለ እያዳመጥኩ ግማሹን አልሰማውም። መቼ ነው የምትመለሺው ብላኝ አታውቅም። አንድም ቀን። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት፣ ሰው ኖረም አልኖረም፣ ቁልፉ አለ? ትለኛለች። አለ፣ እላታለሁ። በይ ደህና ዋይ ትልና ትዘጋለች። ስንት ዓመት ሙሉ ቁልፉ እንዳይጠፋብኝ የምትሰጋ ይመስለኝ ነበር።

ሊኔት የመጣችው በረዶው እንደቀለጠ ነው። በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ፤ ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ ክንዷን ፀሐይ የለበለባት የከተማ ሴት ቆማለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሰውን አኗኗር የማጠና ነኝ አለች፤ ሁለት በጋ ከእናንተ ሰዎች ጋር ኖሬያለሁ፣ አሁን ደግሞ ከማኅበሩ የወጡትን ማነጋገር እፈልጋለሁ፣ አድራሻሽን የሰጠችኝ ራሄል ናት። ራሄል አብራኝ ያደገች ናት፣ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ዳቦና ቅቤ አቀረብኩላት። ፈጥና በላች፣ ሳታወራ፣ ክርኗን ሰብስባ፤ ልክ እኛ እንደምንበላው። እዚያው ጠረጠርኳት። ይህን አበላል በሁለት በጋ የሚማር ሰው ሌላም ነገር ይማራል። እዚያ ሳለሽ ማዕድ ላይ የት ነበር የምትቀመጪው? አልኳት። ለሌላ ሰው የሞኝ ጥያቄ ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚቀመጠው በልደቱ ተራ ነው፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ እስክትሞቺ ድረስ ግራና ቀኝሽ ያሉት ያው ሁለት ሰዎች ናቸው። እንግዳም ብትሆኚ ዕድሜሽ ተጠይቆ በተራሽ ትሰኪያለሽ። በራሄልና በዶሮቴያ መካከል፣ አለችኝ ፈገግ ብላ። የኔ ቦታ ነው። ስወጣ ዶሮቴያ ወደ ላይ ተጠጋች፣ ከሷ በታች ያሉትም ሁሉ አንድ አንድ ከፍ አሉና ክፍተቱ ተዘጋ፤ ይህች ሴት ስትመጣ ደግሞ ልደቷ ከልደቴ ጋር ገጥሞ ተጠጉላት፣ እኔ ሙሉ ዕድሜዬን የተቀመጥኩበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የኔን ሾርባ ጠጣች። ሳቅኩላት። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ደግሞስ እንዴት ገባች? አጎቴ ዛካሪያስ የከብት ሐኪሙ ስለ ዝናብ ሲያወራቸው እንኳ ሰዓታቸውን የሚያዩ ሰው ናቸው። ፎቶ አታንሺ፣ ሱሪ አትልበሺ፣ የምትጠይቂውን ድንች እየላጥሽ ጠይቂ አሉኝ፣ አለችኝ። በዚህ ብቻ? እሳቸው ያለ ምክንያት ጥርስ እንኳ አያሳዩም። ከኛ ከወጣነው ወሬ እየወሰደች ማኅበሩ ውስጥ ላሉት ታቀብላለች፣ ከነሱ እየወሰደች ለኛ ታቀብላለች፣ አልኩ በሆዴ፤ በሁለት ቤት የምትበላ ጆሮ ጠቢ። ሴቶቹ ግን እንደኔ አልፈሯትም፤ ተጫወቱባት። ራሄል በስልክ እየሳቀች ነገረችኝ። ዝይ ስትነጩ ከግራው ክንፍ የምትጀምሩት ለምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ ዶሮቴያ ኮስተር ብላ፣ ከቀኙ ከጀመርን ዝይዋ ትቀየማለች አለቻት። የሞተችው ዝይ። መቅረጫዋን አውጥታ ደግመሽ በይልኝ አለቻት አሉ። በማግሥቱ ሁሉም ተነጋግረው ከቀኝ ጀመሩ፣ እሷም ግራ ገብቷት ቀኑን ሙሉ የሁሉንም እጅ ስታይ ዋለች። ራሄል ይህን ስትነግረኝ ሳቅኩ፣ ከዚያ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ ምክንያቱም ቀልዱ ላይ አልነበርኩም።

ለኔም መቅረጫዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የምትነግሪኝን ለማንም አልናገርም አለች፤ ሌላው የነገረኝንም ላንቺ አልነግርሽም፣ የሙያዬ ሕግ ነው፣ ይህን ካጠፋሁ ሥራም የለኝ። ከት ብዬ ሳቅኩባት። እኛ ዘንድ ጠዋት የተነገረ ነገር የምሳ ደወል ሳይደወል መንደሩን ዞሮ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ ያውም አድጎ። ልፈትናት ብዬ፣ ራሄል ስለኔ ምን አለችሽ? አልኳት። አልነግርሽም አለች። እናቴስ? አልነግርሽም። ዳቦዋን መብላቷን ቀጠለች። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። የሚዘላብድ ሰው ቢያንስ ምን እንደያዘ ይታወቃል።

ከዚያ ማኅበሩ ለሁለት የሚከፈልበት ጊዜ መጣ። ማኅበር ሲሞላ ይከፈላል፣ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ወደ ሰሜን፣ በሌላ ክፍለ ሀገር፣ ሳስካችዋን ውስጥ፣ የቀን ሙሉ መንገድ ርቆ መሬት ተገዛ፣ ቤት ተሠራ፣ ሰዉ ቤተሰብ በቤተሰብ ሁለት ወገን ተደረገ። የትኛው ወገን እንደሚሄድ ግን ማንም አያውቅም። ሁሉም ይጠቀልላል። የሚቀረውም የሚሄደውም ድስቱን፣ አልጋ ልብሱን፣ የልጆቹን ጫማ ሳይቀር ያስራል፣ ግድግዳው ባዶ ይሆናል፣ ጠዋት ጸሎት ተደርጎ ዕጣ ይወጣል። ልጅ ሆኜ አንዴ አይቼዋለሁ። ዕጣው ቅሩ አለን፣ እናቴም ያሰረችውን ስትፈታ ዋለች፤ ሰሐኖቹን ወደ መደርደሪያው ስትመልስ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፣ መሄዱን ፈልጋው ይሁን መቅረቱን እስከዛሬ አላውቅም። ዘንድሮ ደግሞ በስተርጅና ተራዋ ደረሰ፣ ከወንድሜ ከኤልያስ ቤተሰብ ጋር። እኔ ደግሞ እሁድ እሁድ፣ የትኛው ወገን ሆናችሁ፣ አጎቴ ዛካሪያስ ከየትኛው ናቸው፣ ማን ነው ያደላደለው እያልኩ እጠይቃለሁ፣ በስተጀርባዋ ያለው ትንፋሽ እስኪቆም ድረስ።

የሳጥኑ ነገር የተነሳው ዕቃ ሲታሰር ነው። የወንድሜ ልጅ ሚርያም አሥራ አምስት ሞልቷታል። አጎቴ ዛካሪያስም፣ ባለቤቱ የሌለችበት የተቆለፈ ሳጥን ወደ አዲስ መሬት አይጫንም አሉ፤ ይከፈትና ልብሱ ለሁሉም ይከፋፈል፣ ሳጥኑ ለልጅቷ ይሰጥ። እንጨት ጠፍቶ አይደለም፣ አናጺው በዚያ ሰሞን የሚሠራው ሳጥን ብቻ ነበር። ግን እሳቸው የሳጥኑ ጉዳይ የእንጨት እንዳልሆነ ያውቃሉ። ስብከት ላይ ስሜን ሳይጠሩ፣ በመካከላችን አንድ የግል ነገር ካለ መካከላችን ተሰንጥቋል ማለት ነው አሉ፣ ራሄል ነገረችኝ። መስበሩን ግን አልደፈሩም። የሰው ሳጥን አይሰበርም፤ ባለቤቱ ወዶ ቁልፉን መስጠት አለበት። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቅ። እዚያ ግቢ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው የኔን እሺታ እየጠበቀ ነው።

ባለፈው እሁድ ስልኩ ይጮሃል፣ አነሳለሁ። "ዩስቲና" ትለኛለች እናቴ። ማንኛዋ አጠገቧ እንዳለች ወዲያው አወቅኩ፤ አክስት ባርባራ እህል የገባበት ይመስል ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች። እናቴም ቀጥ ባለ ድምፅ፣ ሳጥኑ መከፈት አለበት፣ ቁልፉን ለሊኔት ስጫት፣ ለሁላችንም ይቀላል አለችኝ። እሺ አላልኩም እምቢ አላልኩም። ጉልበትሽ እንዴት ነው አልኳት። ደህና ነው አለችና ዘጋች። ቁልፉ አለ? አላለችኝም። በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠይቀኝ ዘጋች። ዩስቲና ብላኛለች፣ ስለዚህ የራሷ ቃል አይደለም፤ ይህን ሕፃንም ይረዳዋል። ግን ለሁላችንም ይቀላል የሚለውን ማን አስተማራት? ባርባራ እንዲህ አታወራም። ያ ድካም የማን ድካም ነው? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን ሳጥን እየገፋች ከሥሩ ስትጠርግ የኖረችው እሷ ናት፣ ልጅሽ የት ደረሰች ሲሏት መልስ ስታጣ የኖረችው እሷ ናት። ለሷም ይቀላል። አጎቴ ዛካሪያስን ጠርጥሬያቸው አውቃለሁ፣ ባርባራን ጠርጥሬያት አውቃለሁ፣ ሊኔትን ገና በሩን ስከፍትላት ጠርጥሬያታለሁ። እናቴን ግን ያን ቀን ነው የጠረጠርኳት።

ማክሰኞ ዕለት ሊኔት ከማኅበሩ መጣች። አልተቀመጠችም። የላከሽ ማን ነው፣ እናቴ ናት ወይስ ሰባኪው? አልኳት።

"ማን ምን እንዳለኝ አልነግርሽም።"

"እንግዲያስ ምን ልታደርጊ መጣሽ?"

"ልጠይቅሽ። አልሰጥም ካልሽ አልሰጠችም እላለሁ፣ እሄዳለሁ። ቁልፉ ያንቺ ነው።"

ፊቷን አየሁት። የሚፈልግ ፊት ነው፣ ማወቅ የሚፈልግ፤ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ምላሷ እያሳከካት ዋጥ አድርጋዋለች። ሁሉም የሚፈልጉት እሱን ነው። የወርቅ ሐብል፣ የወንድ ፎቶ፣ የሆነ ኃጢአት። የሱፍ ካልሲ ነው ያለው። ያልሰፋሁት የክረምት ጨርቅ፣ መዳመጫው፣ ቀለም ነክቶት የማያውቅ ብሩሽ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፤ ሌላው ትዝ አይለኝም። ለዚህ ነው እናቴ ለሁላችንም ይቀላል ያለችው? እንግዲያው ይቅለላት። ካልፈለገችኝ ትክፈተው። ክሩን ባናቴ አወጣሁና መዳፏ ላይ ጣልኩላት፤ ማስቀመጥ አይደለም፣ ጣልኩላት። ሊኔት ክሩን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ደረጃውን ስትወርድ ኮቴዋን እስከ ታችኛው በር ድረስ ሰማሁት፣ ከዚያ አንገቴ በረደኝ።

ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ዓይኔን ስጨፍን አክስት ባርባራ ሳጥኑ ላይ አጎንብሳ ካልሲዎቼን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ታነሳለች፣ ይህ እንኳ ገና ነው፣ ለማን ይሆናል ትላለች። ሚርያም የኔን ማበጠሪያ ታሸታለች። አጎቴ ዛካሪያስ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመው አያዩም፣ ግን ያያሉ። ሊኔት ደግሞ ከበሩ አጠገብ ሆና፣ አይ ሊኔት፣ የሸሸች ሴት ሳጥን ይህን ይመስላል ብላ ለተማሪዎቿ ልትናገር ብሩሹን እንኳ ሳይቀር በዓይኗ ትለቅማለች። እናቴስ? እናቴን ማየት አልቻልኩም። ሁሉንም አያቸዋለሁ፣ እሷ የቆመችበት ጋ ስደርስ ግድግዳው ብቻ ነው። ቁልፉ የለኝም። እሁድ ስትደውልና ቁልፉ አለ? ስትለኝ ምን እላታለሁ? ሰጠሁሽ እኮ እላታለሁ። ከዚያ ወዲያ የምትጠይቀኝ ነገር አይኖራትም፣ ከዚያ ወዲያ ምን ብላ ትደውላለች?

ስልኩ ትራሱ ሥር ይንቀጠቀጣል። የሊኔት ቁጥር ነው። አነሳሁት፣ ቀድማ ትናገር። ነፋስ ብቻ ይሰማል፣ ከነፋሱ ሥር የዝዮች ጩኸት፣ ከዚያ ደግሞ የሚንኮሻኮሽ ነገር።

"በየት በኩል ነው የሚሰማው ይህ ነገር? ዩስል? አለሽ?"

እናቴ ናት። ከአልጋው ተነስቼ ቁጭ አልኩ። የት ነሽ አልኳት። ከዝዮቹ ቤት ጀርባ ነኝ አለች፣ ሊኔት ስልኳን ሰጥታኝ እሷ ማዶ ቆማ ሰው ሲመጣ ታያለች፣ ካሳልኩ ሰው መጣ ማለት ነው ብላኛለች፣ ይህችን የመሰለች ልጅ። ዕጣው ወጣብን አለች። እንሄዳለን፣ እኔም ኤልያስም፣ መኪናው እየተጫነ ነው፣ አጎትሽ ግን ይቀራሉ። እሷ ስትናገር ነፋሱ ግማሹን ይበላባታል። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

"ቁልፉን ለምን ላክሽው?"

"ስጫት አልሽኝ እኮ።"

"ዩስቲና ብዬሽ ነው ያልኩሽ። ባርባራ ትከሻዬ ላይ ቆማ። አልሰማሽም?"

ሰምቻለሁ አልኳት። ሰምቼ ነው የሰጠሁት። የደከመሽ መሰለኝ፣ የሰለቸሁሽ መሰለኝ አልኳት፣ ቃሉ ካፌ ሲወጣ እንባዬም አብሮ መጣ፣ አልከለከልኩትም። እሷ አላለቀሰችም። ደክሞኛል አለች፣ ጉልበቴ ነው የደከመኝ፣ አንቺ ጉልበቴ ላይ የለሽም። ሊኔት ቁልፉን ማንም በሌለበት እጇ ላይ እንዳስቀመጠችላት ነገረችኝ፤ እሷም ካልሲዋ ውስጥ ከታ ወደ አጎቴ ዛካሪያስ ሄደች፣ አልሰጠችም አለቻቸው። እናቴ። አንድ እንቁላል ተሰብሮባት ሳይጠይቋት የምትናገር ሴት። አጎቴም ዞር አሉና ሊኔትን፣ እውነት ነው? አልሰጠችሽም? አሏት። ሊኔት፣ አባባ ሰባኪ፣ አንድ ሰው ከሌላው ጋር ያደረገውን ለሦስተኛ ሰው አልናገርም፣ ስገባ ነግሬዎታለሁ፣ እርስዎም እሺ ብለዋል አለቻቸው። ሁለት በጋ ሙሉ እሺ ሲሉ ኖረዋልና አሁን ምን ይበሉ? ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ እንግዲያው እንደተቆለፈ ይጫን አሉ። ሚርያም ሌላ ሳጥን ተሠራላት፣ ያንቺ ገመድ ተጠምጥሞበት መኪናው ላይ ከፊት ነው ያለው፣ ዝናብ እንዳይነካው አልጋ ልብሴን አልብሼዋለሁ አለችኝ።

"ዋሸሽላቸው" አልኳት።

"ለእግዚአብሔር እነግረዋለሁ። ለዛካሪያስ ግን አልነግረውም።"

ውስጡ ምንም የለበትም እኮ አልኳት። ካልሲ ነው ያለው እማዬ፣ ማበጠሪያና ካልሲ። ቁልፉንም ሆን ብዬ አልያዝኩትም፣ አንገቴ ላይ ስለነበረ ነው፣ አልኳት፤ ዘጠኝ ዓመት የዋጥኩትን። ዝዮቹ ጮሁ።

"ምን እንዳለበት መች ጠየቅኩሽ" አለች። "እዚህ የሄደ ሰው ሄደ ይባላል፣ ቦታው ይዘጋል፣ በቃ። አንቺን ግን የሚሉሽ፣ ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ስለዚህ አልሄድሽም። ሊኔት ቅዳሜ ይዛልሽ ትመጣለች፣ አንገትሽ ላይ አድርጊው። ለማንም እንዳትሰጪ። እኔ ራሴ ደውዬ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።"

እሺ ልላት ስል ከሩቅ ሳል ሰማሁ። የሊኔት ሳል ነው፣ አንዴ፣ ደግሞም አንዴ፤ ከዚያ ሣር ላይ የሚመጣ የከባድ ሰው ኮቴ፣ የባርባራ ጉሮሮ መጥረግ። የእናቴ ድምፅ ቀጥ አለ።

"በይ እንግዲህ ዩስቲና፣ ልብሽ ከደነደነ ምን እናደርጋለን። ቁልፉን ባትሰጪንም እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ።"

"አልሰጥም" አልኩ፣ አጠገቧ የቆመው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብዬ።